የማዕድ ይሉኝታ፦ ለኒውዮርክ ጉዞ ምግብ ቤት ስንመርጥ

(የጉዞ ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ለኮሚቴያችን የተሰጠው ርእስ በኒውዮርክ ጉዞ ላይ ምግብ ቤት እንዴት እንደሚመረጥ፣ በተለይም የእሑዱ ብራንች የት እንደሚሆን ነው። በዚህ መድረክ ስለ ጤና ዋስትና፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ሲነገር ስለቆየ፣ «ደግሞ የምን ብራንች መጣ?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ከደጋፊዎቻችንም ይኸው ጥያቄ ደርሶናልና ከእሱ እንጀምር። እናንተ የምትለግሱት ገንዘብ የሚገባው ለኀዘንና ለሕመም በተቀመጠው ሣጥን ነው፤ ለጉዞ አንድ ሳንቲም አይወጣበትም። ጉዞው የሚሸፈነው ተጓዦቹ ለብቻው ከሚጥሉት ዕቁብ ነው። ለምን ትጓዛላችሁ ለምትሉን ደግሞ፣ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ አረጋውያን ሲንከባከቡ፣ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ፣ ወጥ ቤት ቆመው ሲሠሩ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ሌላውን ሲያስተናግዱ ይከርማሉ። ተቀምጠው «ምን ልታዘዝ?» የሚባሉበት ቀን በዓመት ውስጥ ስንት ነው? ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዋሽንግተን አካባቢ ኒውዮርክ በአውቶቡስ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ነው። እስካሁን ባየነው፣ በነፃነት ሐውልት ምክንያት የተቀያየመ ሰው የለም። በሴንትራል ፓርክም የተኮራረፈ የለም። ቅያሜ የሚነሣው ከማዕድ ላይ ነው፤ ያውም ከምግቡ ይልቅ ከሂሳቡ።

ነገሩ በየማኅበሩ የሚታይ ነው። አሥራ አራት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ሜኑ ይመጣል። አንዷ እህታችን የዋጋውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቃኘት ታደርግና «እኔስ ቁርሴ ገና አልወረደልኝም፤ ሻይ ይበቃኛል» ትላለች። አጠገቧ ያለችው ስቴክና ሁለት ብርጭቆ ወይን ታዛለች። መብቷ ነው፤ ዓመት ሙሉ ለፍታበታለች። ሂሳብ ሲመጣ አንዷ በደግነት «እኩል እንካፈለው፤ ምን ያጨቃጭቀናል!» ትላለች። ሻይ የጠጣችው እህታችን አርባ ምናምን ዶላር አውጥታ ታስቀምጣለች። ምንም አትናገርም። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡ ላይ ስሟ የለም። ለምን ቀረሽ ብትባል «ሥራ በዛብኝ» ነው መልሷ።

ኀዘን ሲደርስባት ድንኳን ይዘን የምንሮጥላት ሴት፣ ለደስታ ስንወጣ በሻይ ዋጋ ትቅር? ሁሉም ሰው ጨዋ ስለሆነ ይህን ጥያቄ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም። ይሉኝታችን እንዲህ ነው፤ ከሳሽም ተከሳሽም የለውም።

ስለዚህ ኮሚቴው ምርጫውን የሚጀምረው፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መብላት ከሁሉም የሚከብዳት እህት ማን ናት ከሚለው ነው። ለጉዞ የምትመዘገብ ሁሉ አንድ ወረቀት ትሞላለች። ጿሚ ነሽ ወይ? ሐላል ብቻ ነው የምትበይው? ስኳር ወይም ደም ግፊት አለብሽ? ደረጃ መውጣት ያስቸግርሻል? ስሟ እዚህ ላይ ይጻፋል። በተለየ ኤንቨሎፕ ውስጥ፣ ያለ ስም፣ ለአንድ ገበታ ቢበዛ ስንት ዶላር ማውጣት እንደምትችል ትጽፋለች። ኤንቨሎፖቹ ሲከፈቱ ገዢው ከሁሉም ያነሰው ቁጥር ነው። አማካዩን አንወስድም። አማካይ ከወሰድን ከአማካይ በታች ያለችው እህት ያው ሻይዋን ይዛ ቀረች ማለት ነው።

ያንን ቁጥር ከሜኑ ዋጋ ጋር በቀጥታ ማስተያየት ግን አይቻልም። ለዚህ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። እንበል ምግቡ 24 ዶላር፣ ቡናው 5 ዶላር ነው። ድምር 29። በኒውዮርክ ከተማ በምግብ ቤት የሚከፈለው የሽያጭ ታክስ 8.875 በመቶ ስለሆነ 2 ዶላር ከ57 ሳንቲም ይጨመራል። ቲፕ በ20 በመቶ 5 ዶላር ከ80 ነው። ጠቅላላው 37 ዶላር ከ37 ሳንቲም ይሆናል። «24 ዶላር ነው» ተብሎ የተገባበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ከኤንቨሎፑ የወጣው ቁጥር 30 ከሆነ፣ ሜኑ ላይ የምንፈልገው ዋጋ ከቡናው ጋር ከ23 ዶላር እንዳይበልጥ እንጠነቀቃለን።

ስለ ቲፕ አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንዶቻችሁ «እኛ ድሆች ነን፣ ለምን 20 እንሰጣለን?» ትላላችሁ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም። ኒውዮርክ ከዚያ የተሻለ ይከፍላል፤ ቢሆንም እዚያም የአስተናጋጅ ኑሮ ያለ ቲፕ አይቆምም። ከመካከላችን ያንን ትሪ የተሸከሙ ብዙዎች አሉ። ቲፕ ላይ ቆጥበን ርካሽ ጉዞ አደረግን አንልም። ግን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንከፍልም። ብዙ ሆኖ ለሚመጣ እንግዳ አንዳንድ ቤቶች «ሰርቪስ ቻርጅ» ወይም «ግራቱይቲ» ብለው አስቀድመው ሂሳቡ ላይ ይጨምሩታል። ወረቀቱ ሳይነበብ ካርድ አይሰጥም።

አሁን ወደ ብራንች እንምጣ። ቃሉ ቁርስና ምሳ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አዋሕዶ የተሠራ ነው። በ1895 ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ እሑድ ጠዋት ከባድ ምግብ ከመብላት ረፋዱ ላይ ቀለል ያለ ነገር ቢበላ ይሻላል ብሎ በጽሑፍ ተማጸነ። ቅዳሜ ማታ ሲዝናና ላመሸ ሰው አስቦ ነው። ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከቅዳሴ መልስ ረፋዱ ላይ ፍርፍርና ቡና ስንበላ ስንጠጣ ያደግን ሰዎች ስም ሳንሰጠው ስንበራንች ኖረናል። ከእናቶቻችን አንዷ የኒውዮርክን ዋጋ ስትሰማ «እንቁላል ለመብላት ነው አራት ሰዓት አውቶቡስ የምንቀመጠው?» አለችን። መልሳችን፣ አዎ፣ ግን እንቁላሉን ሌላ ሰው ይጠብስልናል የሚል ነበር።

የብራንች ሜኑ ለጉድ የተሞላ ነውና ሁለት ሦስቱን እናሳውቅ። «ኤግስ ቤኔዲክት» የሚባለው ክብ ዳቦ ላይ በውኃ የበሰለ እንቁላል ተደርጎ በቅቤና በእንቁላል አስኳል የተሠራ ሶስ የሚፈስበት ነው፤ ከእንቁላሉ ሥር ያለው የአሳማ ሥጋ ነው። በስፒናች ወይም በሳልመን ቀይሩልኝ ቢባል ይቀይራሉ። ግሪትስ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ለሆድ ይስማማል። «ቦተምለስ» የሚለውን ስታዩ ቆም በሉ። በአንድ ዋጋ እየተቀዳ የሚጠጣ መጠጥ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሰዓት ገደብ አለው፤ ጠረጴዛው በሙሉ ካልወሰደ አንሰጥም የሚሉ ቤቶችም አሉ። አንዷ ለመጠጣት ስትል አሥራ ሦስቱ ይከፍላሉ። ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ቤት ከዝርዝሩ ያወጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም።

ጾምን በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ቀኑን መምረጥ ነው። ያለፈው ጉዟችን የልጆች ትምህርት ቤት በተዘጋበት ነሐሴ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ገጠመ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶችን ረፋድ ላይ ብራንች ጋብዞ ሌላው ሲበላ ማስመልከት አይሆንም፤ ስለዚህ ዋናውን ገበታ ወደ ከሰዓት በኋላ ወሰድነው። የረዳን የሕንድ ሰፈር ነበር። በማንሃተን በሌክሲንግተን ጎዳና፣ በ28ኛው መንገድ አካባቢ፣ «ካሪ ሂል» በሚሉት ቦታ የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ሥጋ ጨርሶ የማያስገቡ አሉ። ዶሳ የሚባለው ምግባቸው ሩዝና የምስር ዘር ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ቦክቶ፣ ምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ነው። እናቶቻችን ገና ሽታው ሲደርሳቸው «ይቺማ የእኛው ዘመድ ናት» አሉ። እዚያም ቢሆን በቅቤ ነው ወይስ በዘይት ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤያቸው የማይገባበት ቦታ የለም። በቻይናታውንም እንደ ቡድሂስት ልማድ ሥጋ የማይሠራባቸው ቤቶች አሉ። ዲም ሰም የሚሉት በትንንሽ ሳህን እየመጣ በክብ ጠረጴዛ ላይ በጋራ የሚበላው ምግባቸው ከእኛ ማዕድ ጋር ይቀራረባል። በተለመዱት የዲም ሰም ቤቶች ግን አሳማ ብዙ ስለሆነ ለቡድናችን አልመረጥናቸውም።

ዘንድሮ ቀኑን በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ያደረግነው ለዚህ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ሁሉም እኩል ይበላል። ዓሣ በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር በዚሁ ተገላገልን።

ሐላል በኒውዮርክ ብዙ አያስቸግርም። በ53ኛው መንገድና በስድስተኛው ጎዳና መገናኛ ላይ ያለው ዝነኛ የሐላል ጋሪ በ1990 ግብፃውያን የጀመሩት ነው፤ ሆት ዶግ ይሸጡ ነበር፤ ሙስሊም ታክሲ ነጂዎች የሚበሉት ነገር ማጣታቸውን ሲያዩ ዶሮና ሩዝ ማቅረብ ጀመሩ። ባሏ ወይም ወንድሟ ታክሲ የነዳ ሁሉ ይህ ይገባታል። መቀመጫ የለውም፤ ለእግረኛ ምሳ ግን ከብዙ ምግብ ቤት ይሻላል። ሰፋ ያለ ምርጫ ለምትፈልጉ ኩዊንስ ውስጥ ጃክሰን ሃይትስ አለ፤ የባቡር ጣቢያው ሊፍት ስላለው ጉልበታቸውን የሚያማቸውም ይደርሱበታል። ብዙ የኒውዮርክ ጣቢያዎች ሊፍት የላቸውምና፣ ምግብ ቤት ሲመረጥ በካርታው ላይ የዊልቸር ምልክት ያለበት ጣቢያ ቅርብ መሆኑን እናያለን። ጥሩ ምግብ ስድሳ ደረጃ ካስወጣ ለእናቶቻችን ጥሩ አይደለም።

በምሥራቅ ሂውስተን ጎዳና ላይ ሁለት የቆዩ ቤቶች አሉ፤ ሁለቱንም የመረጥነው በምክንያት ነው። አንዱ ካትዝ ዴሊካተሰን ነው፤ ከ1888 ጀምሮ ያለ የአይሁድ ሰፈር ሥጋ ቤት። ስትገቡ ለእያንዳንዳችሁ ቲኬት ይሰጣችኋል፤ የበላችሁት እሱ ላይ ይጻፋል፤ ስትወጡ በዚያ ትከፍላላችሁ። ይሉኝታን የሚያጠፋ ብልሃት ቢኖር ይህ ነው፤ «እኩል እንካፈል» የሚለው ነገር ከበሩ ላይ ቀረ። ቲኬቱን የጣለ ግን ይቀጣልና ቦርሳ ውስጥ አስገቡት። የፓስትራሚ ሳንድዊቹ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለሁለት ቢካፈሉት ይበቃል።

ሁለተኛው ራስ ኤንድ ዶተርስ ነው። ጆኤል ራስ የተባለ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ በ1914 ሱቁን ከፈተ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሦስት ሴት ልጆቹ ከእሱ ጋር ሠሩ፣ በ1930ዎቹም ባለድርሻ አደረጋቸውና የሱቁን ስም «ራስና ሴት ልጆቹ» ብሎ ለወጠ። «እና ልጆቹ» የሚለው ሁሉ ወንዶች ልጆች ማለት በነበረበት ጊዜ ነው። ቤግል ከሳልመን ጋር ከሱቁ ገዝቶ ፓርክ ወንበር ላይ ተቀምጦ መብላት ቅዳሜ ጠዋት የምናደርገው ብራንች ነው። የአስተናጋጅ ቲፕ የለበትም፤ የጠረጴዛ ቀጠሮም የለበትም።

እሑድ ግን ተቀምጠን እንስተናገዳለን፤ ቦታውም ሃርለም ነው። በሌኖክስ ጎዳና ላይ ሲልቪያስ የሚባለው ቤት አለ። ሲልቪያ ዉድስ የሳውዝ ካሮላይና ልጅ ናት። በዚያው ቤት አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር፤ ባለቤቱ ሊሸጠው ሲነሣ፣ እናቷ የእርሻ መሬታቸውን አስይዘው ገንዘብ አበደሯትና በ1962 ገዛችው። በ2012 እስክታርፍ ድረስ ስሟ ከሃርለም ምግብ ጋር አብሮ ይጠራ ነበር። እናት ለልጇ መሬት አስይዛ ንግድ ያስጀመረችበት ቤት፣ የዕቁብ ሴቶች ሊያዩት የሚገባ ነው እንላለን። ምግቡ የጥቁር አሜሪካውያን የደቡብ ምግብ ነው፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ማካሮኒ፣ ከጎመናችን ጋር የሚመሳሰል ኮላርድ ግሪን። በእንዲህ ያለ ቤት ጎመን ብዙ ጊዜ በተጠበሰ ሥጋ ይቀቀላልና፣ የአሳማ ነው ወይስ የተርኪ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ጎዳና ላይ፣ ሬድ ሩስተር አለ። ባለቤቱ ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ውስጥ ካሳሁን ተብሎ ተወልዶ ስዊድን ውስጥ በጉዲፈቻ ያደገ ሼፍ ነው፤ ቤቱን የከፈተው በ2010 ነው። «የእኛው ልጅ ነው፣ እሱ ጋ እንብላ» የሚል ሐሳብ በብዛት ቀርቦልናል። እኛም ደስ ይለናል፤ ሆኖም ወሳኙ ኤንቨሎፑ ነው። ቁጥሩ ከፈቀደ እንገባለን፣ ካልፈቀደ በር ላይ ፎቶ እንነሣለን።

ከብራንቹ በፊት በ138ኛው መንገድ በኩል ልናልፍ አስበናል። አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች የሚባለው ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። ታሪኩ እንደሚለው በ1808 በታችኛው ማንሃተን የነበረ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናንን ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ እነሱና በዚያ የተገኙ ኢትዮጵያውያን መርከበኞች «ተለይተን አንቀመጥም» ብለው ወጡና የራሳቸውን መሠረቱ፤ ስሙንም በአገራችን ጠሩት። ቅዳሴ ወደ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱትን እንጠብቃለን፤ ጠረጴዛው የሚያዘው ለቀኑ ሰባት ተኩል፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ለ1፡30 ነው።

እንጀራስ? ይህን የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ሽሮ መብላት ለኮሚቴው ብዙም አልታየውም። ሆኖም ሌላ ምግብ የማይስማማቸው እናቶች አሉ፤ ስለዚህ በደረስንበት ማታ አንድ ገበታ በየዓይነቱ ይሆናል።

የቀሩት ነገሮች አጭር ናቸው። ከስምንት በላይ ሆኖ ለሚሄድ ሰው በስልክ መተግበሪያ ቦታ መያዝ አይበቃም፤ ደውለን ከሰው ጋር እንነጋገራለን። አንዳንድ ቤት የካርድ ቁጥር ይይዝና ካልመጣችሁ ይቆርጣል። ሁሉም ካልደረሰ አናስቀምጥም የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ «መጣሁ፣ መጣሁ» የሐበሻ ቀጠሮ ሃያ ሴቶችን በር ላይ ያቆማል። መስኮት ላይ የምታዩት ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ፊደል ከ2010 ጀምሮ የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የንጽሕና ደረጃ ነው፤ ስለ ጣዕሙ አይናገርም። ሂሳቡን ከመቀመጣችን በፊት ለየብቻ ይሠራልን ብለን እንጠይቃለን፤ አይሆንም ካሉ በአራት በአራት ጠረጴዛ እንቀመጣለን። «እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ በዚህ ጉዞ ላይ የተከለከለ ነው። ለሌላ መክፈል የምትፈልግ እህት ካለች ገንዘቡን ከጉዞው በፊት ለገንዘብ ያዧ ትስጥ፤ ለማን እንደዋለ እሷም አታውቅም፣ የተከፈለላትም ማን እንደከፈለላት አታውቅም።

ወረቀቶቹና ኤንቨሎፖቹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ካላችሁ ከኮሚቴው አንዷ አብራችሁ ትሞላለች፤ ኤንቨሎፑን ግን ራሳችሁ ዝጉት።